የብሎግ ርዕስ አጻጻፍ፦ ለአንባቢም ለጉግልም

ደሴ ተቀምጬ ስለ ወሎ እጽፋለሁ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ በዓሉ፣ ስለ ምግቡ። ጽሑፉ ላይ የምለፋውን ያህል ርዕሱም ላይ እለፋለሁ። አንድ ሰው ጉግል ላይ የሆነ ነገር ሲፈልግ ርዕሶች ተደርድረው ይመጡለታል። ወደ ታች እያንሸራተተ አንዱን ይነካል። ያልተነካው ጽሑፍ የቱንም ያህል ቢለፋበት ማንም አያየውም።

ብሎግ የጀመሩ የአገሬ ልጆች «ይሄን ሁሉ ጽፌ ሰው ለምን አይገባበትም?» ሲሉኝ መጀመሪያ የማየው ርዕሶቻቸውን ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ነው። ርዕሱ የጸሐፊውን ስሜት ይናገራል፤ አንባቢው የሚፈልገውን አይናገርም።

መጀመሪያ ጥያቄውን ስሙ

ነሐሴ ሲገባደድ ሰፈራችን ውስጥ የግሸን ወሬ ይጀመራል። መስከረም 21 የግሸን ደብረ ከርቤ ማርያም ንግሥ ነው። ከየአገሩ ሕዝብ ወደ አምባሰል ይተማል። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት ደግሞ ስለ መንገድ እንደምጽፍ ስለሚያውቁ ይጠይቁኛል። «ልጄ፣ መኪናው ከየት ነው የሚነሳ? ማደሪያስ ይገኛል? ብርዱ እንዴት ነው?» ይሉኛል። እሳቸው ጉግል አይነኩም። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ግን ያንኑ ጥያቄ ስልኳ ላይ ትጽፈዋለች። ርዕሴ የሚጀምረው ከዚያ ጥያቄ ነው።

መናኸሪያ የቆመ ረዳትን ልብ ብላችሁ ስሙት። «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!» ነው የሚለው። ስለ መኪናው ምቾት አያወራም፤ ስለ መንገዱ ውበትም አያወራም። ኮምቦልቻ የሚሄደው ሰው በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል የሚሰማው የሚሄድበትን ቦታ ስም ብቻ ነው። ርዕስም እንዲሁ የቦታውን ወይም የነገሩን ስም አስቀድሞ ይጥራ።

ጥያቄዎቹን የምታገኙባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ጉግል መፈለጊያው ላይ «ላሊበላ» ብላችሁ አንድ ክፍተት ስጡና ቆዩ። ከሥሩ የሚዘረዝርላችሁ ነገር ሰዎች ሲፈልጉ ከነበሩት የተወሰደ ነው። የራሳችሁ የቀድሞ ፍለጋ እንዳያሳስታችሁ ኢንኮግኒቶ በሚባለው መስኮት ሞክሩት። ከዚያ ከስሙ ቀጥሎ «ጉዞ»፣ «ዋጋ»፣ «ሆቴል»፣ «መቼ» እያላችሁ ጨምሩ፤ ዝርዝሩ ይለወጣል። ለአማርኛ ቃል ጉግል ብዙ የሚጠቁመው ላይኖር ይችላል። ያኔ ወደ ፌስቡክ ኮሜንትና ወደ ቴሌግራም ግሩፕ ሂዱ። ሰው እዚያ የሚጠይቅበትን አነጋገር እንዳለ ገልብጡት፤ አታሳምሩት። «የመጓጓዣ አማራጮች» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። «በምን ይኬዳል?» ነው የሚለው።

የምግብ ጽሑፍ ላይም ይኸው ነው። ሰው «የማይጠገብ ጣዕም» ብሎ አይፈልግም፤ «የድፎ ዳቦ አሰራር» ብሎ ነው የሚፈልገው። «አሰራር»፣ «አዘገጃጀት»፣ «ስንት ነው»፣ «የት ይገኛል»፣ «እንዴት» የሚሉት ቃላት በአማርኛ ፍለጋ ውስጥ ትልቅ ጉልበት አላቸው። አትናቋቸው።

አንድ ርዕስ ሲሠራ እንይ

የግሸኑን ጽሑፍ እንውሰድ። አንድ ጀማሪ የሚጽፈው የመጀመሪያ ርዕስ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው።

«ወደ ታላቁ ተራራ የተደረገ የማይረሳ መንፈሳዊ ጉዞ»

ያምራል። ግን ግሸን የሚል ቃል የለበትም። የትኛው ተራራ? ዝቋላም ተራራ ነው። ጉግልም አያውቀውም፣ አንባቢም አያውቀውም። ቀጥሎ ይሻሻላል።

«የማይረሳው የግሸን ማርያም ጉዞዬ»

አሁን ስሙ መጣ። ይሁንና ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ አንባቢው የለበትም። ለሚያውቁኝ ወዳጆቼ ይበቃል። አዲስ አበባ ላለችው ልጅ ግን መኪናው ከየት እንደሚነሳ እንደሚነግራት አያስታውቅም። ሦስተኛው ይኸው።

«ግሸን ማርያም፦ ከደሴ እንዴት ይኬዳል? መኪና፣ ማደሪያና ስንቅ»

ስሙ ፊት ነው። መነሻው ደሴ መሆኑ ታውቋል። ጥያቄው በሰው አነጋገር ተጠይቋል። ውስጡ ምን ምን እንዳለ ተነግሯል። ከነክፍተቱ 39 ፊደል ነው። ስሜቴንና ያየሁትን ሁሉ ከገባች በኋላ አጫውታታለሁ፤ በሩ ላይ ግን የምትፈልገውን ታግኝ።

«መስከረም 21» የሚለውን ርዕሱ ላይ ማከል ትችላላችሁ፤ በዓሉ ከዓመት ዓመት ቀኑ አይለወጥም። ዓመተ ምህረት ግን አልጨምርም። «2017» ያለበት ርዕስ መስከረም ሲጠባ ያረጃል። በየዓመቱ የምታድሱት የዋጋ ጽሑፍ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። እሱ ላይም «ዓ.ም.» የሚለው ይጻፍ፤ ውጭ አገር ያለው ወገናችን በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበዋልና። እዚሁ ወሎ የሚከበረው የጀማ ንጉሥ መውሊድ ደግሞ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሆነ በየዓመቱ ወደ ኋላ ይመጣል። እዚያ ላይ ቀኑን ጽሑፉ ውስጥ አድርጉት፤ ርዕሱን አታስይዙት።

ስሙ ብቻውን የማይበቃባቸው ቦታዎች

ወሎ ውስጥ አንድ ልዩ ነገር አለ። ባቲ ከተማ ነው፤ ባቲ ቅኝትም ነው። አምባሰልም እንዲሁ። «ባቲ» ብሎ የሚፈልግ ሰው የሰኞውን ገበያ ይፈልግ ወይ ዘፈን ይፈልግ ጉግል በምን ያውቃል? ስለዚህ «ባቲ» ብላችሁ አትተዉት። «ባቲ የሰኞ ገበያ፦ ከኮምቦልቻ እንዴት ይኬዳል?» በሉት። ስለ ሙዚቃ ከሆነ «ባቲ ቅኝት» ይሁን። ሁለተኛው ቃል ነው የሚለየው።

ሐይቅ የሚባለው ከተማችን ደግሞ ከዚህ ይብሳል። «ሐይቅ» ብቻ ብላችሁ ስትጽፉ ጣናም ነው፣ ላንጋኖም ነው። «ሐይቅ እስጢፋኖስ» ስትሉ ግን ጠያቂው በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበትን ገዳም እንደሚፈልግ ይታወቃል። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ተሰባስቦ ከመሄዱ በፊት የሚያስጨንቀው አንድ ጥያቄ አለ። ገዳሙ የወንዶች ነው፤ ሴቶች አይገቡም። ይህን ሳያውቁ ረጅም መንገድ የሚመጡ አሉ። ስለዚህ ርዕሱ «ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፦ ሴቶች ይገባሉ?» ቢሆን ለአንባቢውም ውለታ ነው።

ላሊበላ ላይ ደግሞ ጥበብ ያስፈልጋል። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ናቸው። ስለ እነሱ ያልጻፈ የለም። «ላሊበላ» በሚል ሰፊ ርዕስ ከዊኪፒዲያና ከዩኔስኮ ጋር መጋፋት አያዋጣም። ጠበብ አድርጉት። «ገና በላሊበላ፦ ማደሪያ መቼ ይያዛል?» የሚለውን የሚፈልጉት ሰዎች ጥቂት ቢሆኑም ጥያቄያቸው እሱ ብቻ ነው። ጠባብ ርዕስ ለትንሽ ብሎግ ትልቅ ዕድል ነው፤ ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ።

የአማርኛችን ጠባይ

በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ረጅም ርዕስ ስልክ ላይ ሲቆረጥ የሚቀረው ሐሳቡን የሚቋጨው ቃል ነው። «በደቡብ ወሎ ዞን የምትገኘውና በታሪክ የታወቀችው ጥንታዊቷ…» ብሎ ጉግል ሦስት ነጥብ ያደርግበታል። ማናት? አልታወቀም። ስሙን አስቀድሙ፣ ሁለት ነጥብ ከሰረዝ አድርጉ፣ ከዚያ ጥያቄውን አስከትሉ። የ«፦» ምልክት ለዚህ በጣም ትመቻለች።

ሌላው፣ ስም ላይ የሚለጠፉት «የ»፣ «ከ»፣ «በ»፣ «ለ» ናቸው። «ደሴ» እና «ከደሴ» ለእኛ አንድ ከተማ ናቸው። የኮምፒውተር ፍለጋ ግን ሁለቱን የተለያዩ ቃላት አድርጎ ሊያያቸው ይችላል። ስለዚህ ዋናው ስም ቢያንስ አንድ ጊዜ ራቁቱን ይምጣ። ከላይ ባየነው ርዕስ «ግሸን ማርያም» ምንም ሳይለጠፍበት የተጻፈው ለዚህ ነው።

ፊደል ላይም እንምጣ። «ንጉሥ» ወይስ «ንጉስ»? «ሐይቅ» ወይስ «ሀይቅ»? «ፀሐይ» ወይስ «ጸሀይ»? ትክክለኛውን የሚወድ ሰው ነኝ። ነገር ግን ስልክ ላይ «ሠ»ን ፈልጎ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። ሁለቱንም አጻጻፍ ጉግል ላይ ጽፋችሁ የሚመጣውን አወዳድሩ። እኔ ርዕሱ ላይ አንዱን እይዝና ሌላውን አጻጻፍ ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ አስገባዋለሁ። ሁለቱን ርዕስ ላይ መደርደር ያስጠላል። ቁጥርም በ፩ እና ፪ ሳይሆን በ1 እና 2 ይሁን፤ ሰው የሚተይበው እንደዚያ ነው።

ርዝመት

ጉግል ለርዕስ የፊደል ገደብ አላወጣም። የሚቆርጠው ከማሳያው ስፋት ጋር እያስተያየ ነው። እንግሊዝኛ የሚጽፉ ሰዎች ከ50 እስከ 60 ፊደል ይላሉ። የእኛ ፊደል ሰፋ ያለ ስለሆነ ያን ያህል አይገባም። እኔ 40 ፊደል አካባቢ ላይ አቆማለሁ። አብሽሩ፣ አያንስም፤ የአማርኛ ፊደል አናባቢውን ይዞ ስለሚመጣ በ40 ፊደል ብዙ ይባላል። ማለፍ ካለባችሁም ዋናው ነገር መጀመሪያዎቹ 25 ፊደሎች ውስጥ ይለቅ።

አድራሻው በላቲን ይሁን

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። በአማርኛ የተጻፈ ርዕስ ወደ ገጹ አድራሻ፣ ማለትም ወደ ሊንኩ፣ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ደሴ» የምትለው ሁለት ፊደል 18 ምልክት ትሆናለች ማለት ነው። ብዙ ሰው ብሎግ የሚሠራበት ዎርድፕረስ ለዚያ የአድራሻ ክፍል የሚሰጠው ቦታ 200 ምልክት ነው። ከ22 ፊደል በኋላ ይቆረጣል። ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍም በፐርሰንት ምልክት የተሞላ ረጅም ዝባዝንኬ ይሆናል፤ ሰው ቫይረስ መስሎት አይነካውም። ሌላው የብሎግ መሥሪያ፣ ብሎገር፣ ደግሞ የአማርኛውን ፊደል ይተውና አድራሻውን «ብሎግ ፖስት» በሚል ደረቅ ስም ይሞላዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከማተማችሁ በፊት አድራሻውን በእጃችሁ በላቲን ፊደል ጻፉት፤ ግሸን፣ ማርያም፣ ጉዞ የሚሉትን ሦስት ቃላት በሰረዝ አያይዛችሁ። ብዙ ወገናችን የቦታ ስም በላቲን ፊደል ነው የሚፈልገው፤ ለእሱም ምልክት ይሆነዋል። ዓመተ ምህረት አድራሻው ውስጥ አይግባ። ከታተመ በኋላ ርዕሱን መቀየር ትችላላችሁ፤ አድራሻውን ግን አትንኩት። ከነካችሁት የተጋራው ሊንክ ሊሞት ይችላል።

ርዕሱን በፎቶ ላይ ብቻ የሚጽፉም አሉ። ያማረ ፊደል መርጠው ምስል ላይ ያትሙታል፤ ገጹ ራሱ ግን ርዕስ የለውም። ምስሉ ይቅር አልልም፤ ርዕሱ በጽሑፍም ይኑር። ከድሮ የቢሮ ኮምፒውተር የምትገለብጡት ጽሑፍ ካለ ደግሞ ተጠንቀቁ። ግዕዝ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ለጉግል የላቲን ፊደል ቁርጥራጭ ነው። እንደገና ተይቡት።

ሰውን አታስደንግጡ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ስልክም መብራትም ተቋርጦ ነበር። ውጭ ያሉት ዘመዶቻችን ስለ እኛ የሚያውቁት ከርዕስ ብቻ ነበር። «ሰበር! ደሴ ጉድ ሆነች» ይላል። ይከፍቱታል፤ ውስጡ የሦስት ቀን ወሬ ነው፣ ወይ ምንም የለም። እናቱ የት እንዳለች የማያውቅ ልጅ ያንን ርዕስ ሲያነብ የሚሰማውን አስቡት። እኔ ከዚያ ወዲህ «ሰበር»፣ «አስደንጋጭ»፣ «ጉድ ፈላ» የሚሉትን ቃላት ጽሑፌ ላይ አላስጠጋቸውም። ማንም ሰው እንዲያስጠጋቸው አልመክርም።

የአሠራር ምክንያትም አለው። ርዕሱ ቃል የገባውን ጽሑፉ ካልሰጠ አንባቢው ወዲያው ይመለሳል፤ ሁለተኛም ስማችሁን ሲያይ ያልፈዋል። ስለዚህ ርዕሱ ላይ የጠየቃችሁትን ጥያቄ የመጀመሪያው አንቀጽ ይመልሰው። «ሴቶች ይገባሉ?» ካላችሁ በመጀመሪያው መስመር «አይገቡም» በሉና ከዚያ ታሪኩን አጫውቱ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

ጉግል ርዕሳችሁን ሲቀይረው

ጽሑፋችሁን ፈልጋችሁ ስታገኙት ርዕሱ እናንተ የጻፋችሁት ላይሆን ይችላል። ከነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጉግል ርዕስ በራሱ የሚያዘጋጅበትን መንገድ አስፍቶታል። ገጹ ላይ በትልቁ ከተጻፈው ርዕስ፣ ከውስጡ ጽሑፍ፣ ሌሎች ገጾች ሲጠቅሷችሁ ከተጠቀሙበት ቃል ይወስዳል። ይህን የሚያደርገው ርዕሱ በጣም ሲረዝም፣ አንድ ቃል ሲደጋገምበት፣ ወይም ሁሉም ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ርዕስ ሲያገኝ ነው። «ደሴ ሆቴል፣ የደሴ ሆቴሎች፣ ሆቴል በደሴ» ብሎ መደርደር የዱሮ ብልጠት ነው፤ አሁን አይሠራም።

ርዕስ ሁለት ቦታ እንዳለም እወቁ። አንዱ ገጹ ላይ በትልቁ የሚታየው ነው። ሌላው ጉግል ውጤት ላይና በብራውዘሩ ትር ላይ የሚወጣው ነው። ዎርድፕረስ ላይ እንደ ዮስት ያለ ተጨማሪ መሣሪያ ብትጭኑ ሁለቱን ለየብቻ መጻፍ ትችላላችሁ። ለጉግል አጠር ያለውን፣ ገጹ ላይ ትንሽ ሞቅ ያለውን አድርጉ። በጣም ግን አይራራቁ፤ አንባቢው የተሳሳተ ቦታ የገባ ይመስለዋል።

ከታተመ በኋላ

ሰርች ኮንሶል የሚባለውን የጉግል መሣሪያ ብሎጋችሁ ላይ አስገቡ፤ ነፃ ነው። የምትታዩባቸውን የፍለጋ ቃላት፣ ስንት ጊዜ እንደታያችሁ፣ ስንት ሰው እንደነካችሁ ያሳያችኋል። እስከ 16 ወር ወደ ኋላ ያስቆጥራል። እኔ የምፈልገው አንድ ዓይነት ገጽ ነው፤ ብዙ የሚታይ፣ ግን የማይነካ። ሰው ርዕሱን እያየ ያልፈዋል ማለት ነው። የሚፈልጉበትን ቃል አያለሁ፣ ርዕሱን በዚያ አነጋገር እጽፈዋለሁ፣ ሌላ ምንም አልነካም። ጉግል ገጹን ተመልሶ እስኪያየው ጊዜ ስለሚወስድ ለጥቂት ሳምንታት እተወዋለሁ። ርዕሱንም ጽሑፉንም አብራችሁ ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ርዕሱን ከቀየራችሁ በኋላ ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ሊንኩን ስትለጥፉ አሮጌው ርዕስ ሊመጣባችሁ ይችላል። ቀድሞ ያዩትን ስለሚያስቀምጡ ነው። ቴሌግራም ላይ ዌብፔጅቦት ለሚባለው ቦት ሊንኩን ላኩለት፤ ያድሰዋል። ፌስቡክ ላይ ደግሞ ሼሪንግ ዲበገር የሚባለውን ገጽ ክፈቱና አድራሻውን አስገብታችሁ እንደገና እንዲያነበው እዘዙት። ከዚያ ለግሩፑ ላኩት።